በሽታን ከሕዋስ ውስጥ የፈለጉት ሐኪም፦ ሩዶልፍ ቪርኾ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 የካቲት ወር፣ የፕሩሺያ መንግሥት አንድ የ26 ዓመት ሐኪም ከበርሊን ላይኛው ሲሌዥያ ወደሚባለው የጠረፍ ግዛት ላከ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ የድንች ምርት ተበላሽቶ ረሃብ ገብቷል፤ ረሃቡን ተከትሎ የመጣው ተስቦ ደግሞ ከመንደር ወደ መንደር እየተዛመተ ሰው ይፈጅ ነበር። ጋዜጦች ስለ እልቂቱ መጻፍ ስለ ጀመሩ መንግሥት ዝም ማለት አልቻለም። የተላኩት ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ ይባሉ ነበር።

ቪርኾ በዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆዩ። ወደ ጠባብና ጨለማ ጎጆዎች እየገቡ ሕሙማንን ጎበኙ፤ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ሕዝቡ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚለብስ መዘገቡ። አብዛኛው ነዋሪ ፖላንድኛ ተናጋሪ ነበር፤ ሹማምንቱ ግን የሚያስተዳድሩት በጀርመንኛ ነበር። ሐኪሙ ተመልሰው ያቀረቡት ዘገባ ስለ በሽታው ምልክቶች በሰፊው ያትታል። መድኃኒቱን በተመለከተ ግን የሚዘረዝረው ቅጠልና ሥር አልነበረም። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ይማር፣ መንገድ ይሠራለት፣ ግብሩ ከድኃው ትከሻ ላይ ይነሣ፣ ራሱን በራሱ ያስተዳድር የሚል ነበር። ሹማምንቱ የጠበቁት ይህን አልነበረም።

ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኗን ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል በቱኒስ ከተማ ያረጋገጡት በ1909 ነው፤ ቪርኾ ከሞቱ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም ስለ ቅማሏ ሚና ምንም አያውቁም ነበር። የገለጹት ኑሮ ግን የቅማሏን መራቢያ በትክክል የሚያሳይ ነው፦ ብርድ፣ መጨናነቅ፣ የማይቀየርና የማይታጠብ ልብስ። ተስቦን ከጦርነት፣ ከእስር ቤትና ከስደተኞች መጠለያ ጋር አያይዞ ለሚያውቅ የአፍሪካ ቀንድ አንባቢ ይህ ሥዕል እንግዳ አይሆንም።

ቪርኾ በጥቅምት 1821 በፖሜራንያ፣ ሺፈልባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ናት። ለወላጆቻቸው ብቸኛ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው መሬት ያርሱ፣ የከተማይቱንም ገንዘብ ቤት ይይዙ ነበር። ቤተሰቡ ለሕክምና ትምህርት የሚከፍለው በቂ ገንዘብ ስላልነበረው፣ ልጁ በ1839 ጎበዝ ተማሪዎችን በነፃ እያስተማረ ለጦር ሠራዊቱ ሐኪም ወደሚያደርገው የበርሊን ተቋም ገቡ። በ1843 ተመርቀው ሻሪቴ በሚባለው ታላቅ ሆስፒታል የአስከሬን ምርመራ ክፍል ሥራ ጀመሩ።

ስማቸው መሰማት የጀመረው ከዚያ ክፍል ነው። በ1845 አንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ በሆስፒታሉ ሞተች። ቪርኾ አስከሬኗን ሲመረምሩ ደሟ ከልክ በላይ በነጭ ሕዋሳት ተሞልቶ አገኙት። ሌሎች ሐኪሞች እንዲህ ያለ ደም ሲያጋጥማቸው መግል ከደም ጋር ተቀላቅሎ ነው ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በጥቂት ሳምንታት ቀድመው፣ በስኮትላንድ ጆን ሂዩዝ ቤኔት ተመሳሳይ ሕመምተኛ ዘግበው ነበር፤ እርሳቸውም ነገሩን በደም ውስጥ እንደ ተፈጠረ መግል ቆጠሩት። ቪርኾ ግን ምክንያቱን ሳያውቁ ምክንያት መስጠትን ስላልፈለጉ፣ ነጭ ደም ከማለት አላለፉም። በ1847 ያንኑ ስም ከግሪክኛ ወስደው ሉኪሚያ አሉት። የደም ካንሰር ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል።

በእነዚያው ዓመታት ሳንባ ውስጥ ተሰንቅሮ በድንገት የሚገድለው የረጋ ደም ብዙ ጊዜ በዚያው በሳንባ የተፈጠረ ሳይሆን፣ ከእግር ደም ሥር ተነቅሎ በደም ተገፍቶ የመጣ መሆኑን አሳዩ። ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ የሚያደርግ ሰው አልፎ አልፎ ተነሥቶ እንዲራመድ የሚመከረው ዛሬም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ 1848 እንመለስ። ቪርኾ ከሲሌዥያ በተመለሱ በቀናት ውስጥ በርሊን በአብዮት ተናጠች፤ ሐኪሙም ከሕዝቡ ጋር መንገድ ዘግተው ምሽግ ላይ ቆሙ። በዚያው ዓመት የሕክምና ለውጥ የሚጠይቅ ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋሙ። አብዮቱ ሲከሽፍ መንግሥት ቂሙን አልረሳም። ቪርኾ በሻሪቴ የነበራቸውን ቦታ አጡና በ1849 በደቡብ ጀርመን ወደምትገኘው ወደ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ለሕክምና ታሪክ ግን ይህ ስደት በጎ ሆነ፤ ከፖለቲካው ርቀው ማይክሮስኮፓቸው ላይ ያቀረቀሩት በእነዚያ ሰባት ዓመታት ነውና።

ያን ጊዜ የነበረውን አስተሳሰብ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሕመም ማለት በሰውነት ውስጥ ያሉ አራት ፈሳሾች፣ ማለትም ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት፣ ሚዛናቸውን ሲስቱ የሚመጣ ነገር ነበር። በ1761 ጣሊያናዊው ሞርጋኚ በሽታን በልብ፣ በጉበት፣ በሳንባ እየለዩ ፈለጉት። ቀጥሎ ፈረንሳዊው ቢሻ ወደ ኅብረ ሕዋሳት ወረዱ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ሽላይደንና ሽቫን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ዕፅዋትም እንስሳትም ከሕዋሳት የተሠሩ መሆናቸውን አስተማሩ። አዲስ ሕዋስ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ግን የሰጡት መልስ ስሕተት ነበር፤ ጨው ከውኃ ውስጥ እንደሚጠጥር ሁሉ ሕዋስም ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ይረጋል ብለው አሰቡ።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም። ሕዋስ ከፈሳሽ የሚረጋ ከሆነ ዕጢም ከተበላሸ ፈሳሽ ድንገት ይበቅላል ማለት ነው፤ የትውልድ ሐረጉን መከታተል አይቻልም። ቪርኾ በ1855 ባወጡት ጽሑፍ ማንኛውም ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ የሚወለድ መሆኑን ለበሽታ ጥናት መሠረት አድርገው አቆሙት። በ1856 ወደ በርሊን ተጠርተው ተመለሱ፤ በ1858 ለሐኪሞች የሰጧቸው ሃያ ትምህርቶች በመጽሐፍ ታተሙ። ዕጢ ከባዕድ ዓለም የመጣ ነገር አይደለም፤ የራሳችን ሕዋስ ልጅ ነው። በእርሳቸው አስተምህሮ ሰውነት እያንዳንዱ ሕዋስ ዜጋ የሆነበት አገር ሲሆን፣ በሽታ ደግሞ ዜጎቹ በውጭ ኃይል ተነክተው ሲታወኩ የሚፈጠር ነው። የአብዮቱ ሰው አነጋገር በዚህም ውስጥ ይሰማል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተበደሉ ሰው አሉ። ሮበርት ሬማክ የተባሉት በፖዘን የተወለዱ አይሁዳዊ ተመራማሪ፣ የጫጩት ፅንስና የእንቁራሪት እንቁላል እያጠኑ ሕዋስ የሚባዛው በመከፈል ብቻ መሆኑን በ1852፣ ከቪርኾ ሦስት ዓመት ቀድመው፣ ጽፈው ነበር። ሬማክ ሃይማኖታቸውን አልለውጥም በማለታቸው በፕሩሺያ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ የፕሮፌሰርነት ወንበር ሳያገኙ በ1865 ሞቱ። ቪርኾ ሥራቸውን ያውቁ ነበር፤ በ1855ቱ ጽሑፍ ግን ተገቢውን ምስጋና አልሰጧቸውም። ስለ ዜጎች እኩልነት ያን ያህል የተከራከሩ ሰው ይህን ማድረጋቸው የሚያስተዛዝብ ነው።

ሕዋስ ከሕዋስ የሚወለድ ከሆነ፣ እናት ለልጅ የምታወርሰው ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። የኦስትሪያው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል ስለ አተር ውርስ ያሳተሙት ጥናት በ1866 ቢወጣም እስከ 1900 የሚያስተውለው አልተገኘም። ቪርኾ በሕይወት ሳሉ፣ በ1890፣ ረዳታቸው የነበሩት ዳቪድ ፎን ሃንሰማን የካንሰር ሕዋሳት ሲከፈሉ በአስኳላቸው ውስጥ ያሉትን ክሮች እኩል እንደማይካፈሉ ተመለከቱ። እነዚያ ክሮች ዛሬ ክሮሞዞም የምንላቸው፣ ዘረ መል የተሸከሙ ናቸው። በ1914 ደግሞ በዚያችው በቩርትስቡርግ ያስተምሩ የነበሩት ቴዎዶር ቦቨሪ፣ ካንሰር የሚነሣው ክሮሞዞሟ ከተዛባ ከአንዲት ሕዋስ ነው የሚል መጽሐፍ አሳተሙ።

ማረጋገጫው የተገኘው ቪርኾ ራሳቸው ስም ባወጡለት በሽታ ነው። በ1960 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በአንድ ዓይነት ሥር የሰደደ ሉኪሚያ በተያዙ ሰዎች ሕዋስ ውስጥ ያልተለመደ አጭር ክሮሞዞም አገኙ። ኋላ እንደታወቀው፣ ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው ቁራጭ ሲለዋወጡ ሁለት ዘረ መሎች ይጋጠማሉ፤ ከዚህ ግጥሚያ የሚሠራው ፕሮቲን ሕዋሱን ያለ ማቋረጥ እንዲባዛ ያዝዘዋል። ያንን ፕሮቲን ለይቶ የሚያግደው ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። አስቀድሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል የነበረው ይህ በሽታ፣ መድኃኒቱን ለሚያገኝ ብዙ ሰው በየቀኑ ክኒን እየተዋጠ የሚኖሩበት ሕመም ሆነ።

ቪርኾ በበርሊን ከቤተ ሙከራ ብቻ አልዋሉም። ከ1859 እስከ ሞታቸው የከተማው ምክር ቤት አባል ነበሩ። በዚያ ዘመን የበርሊን ቆሻሻ በየመንገዱ ዳር ባሉ ቦዮች ይፈስ ነበር። መሐንዲሱ ጄምስ ሆብሬኽት ፍሳሹን በመሬት ውስጥ ቧንቧ ከከተማ አውጥቶ እርሻ ላይ ለማዋል ያቀረቡትን ዕቅድ፣ ቪርኾ በመረጃ ደግፈው አስወሰኑት፤ ግንባታው በ1870ዎቹ ተጀመረ። በአገሪቱ ፓርላማም የቢስማርክን የጦር በጀት ይቃወሙ ነበርና በ1865 ኃያሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ለፍልሚያ ጠሯቸው። ቪርኾ አልቀበልም አሉ። መሣሪያ እንዲመርጡ ተጠይቀው፣ አንዱ በትል የተበከለ ሁለት ቋሊማ አቀረቡ የሚለው ወሬ ሲነገር ደስ ይላል፤ ማስረጃ ግን የለውም።

ስለ ታላላቅ ሐኪሞች ሲጻፍ ስሕተታቸው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የቪርኾን መዝለል ግን ሰውየውን አለማወቅ ነው። ሐኪሞች እጃቸውን እንዲታጠቡ የተማጸኑትን የሴመልቫይስን ትምህርት ለረጅም ጊዜ ፊት ነሡት። በ1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በዚያችው በበርሊን ሲያሳውቁም በጥርጣሬ ተመለከቱት። ምክንያታቸው ፍጹም ከንቱ አልነበረም፤ ጀርሙ ብቻውን በቂ ከሆነ ሰው ስለ ድኅነትና ስለ መኖሪያ ቤት መጠየቁን ይተዋል ብለው ሠጉ። ነገር ግን በሲሌዥያው ጎጆና በሕመምተኛው ሕዋስ መካከል የጎደለው አገናኝ ያው የናቁት ጥቃቅን ፍጥረት ነበር። በ1872ም የኒያንደርታልን አፅም መርምረው፣ የጥንት ሰው ዝርያ ሳይሆን በሕመም አጥንቱ የተበላሸ የቅርብ ዘመን ሰው ነው አሉ። ዕድሜውን ሙሉ በሽታ ሲፈልግ የኖረ ዓይን እዚያም በሽታ አየ።

በዘር ጉዳይ ግን ከዘመናቸው ቀድመው ነበር። ጀርመኖች ወርቃማ ጸጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላቸው አንድ ወጥ ዘር ናቸው የሚለው ትምህርት እየገነነ ሲመጣ፣ ቪርኾ ከ6.7 ሚሊዮን በላይ የጀርመን ተማሪዎች የጸጉር፣ የዓይንና የቆዳ ቀለም እንዲመዘገብ አደረጉ። በ1886 የታተመው ውጤት፣ ያንን መልክ የያዙት ከሦስት አንድ እንኳ የማይሞሉ መሆናቸውን አሳየ፤ ከአይሁድ ልጆችም ከመቶ 11 ያህሉ መልካቸው ያው ነበር።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ የመጣው በ1887 ነው። የዙፋኑ ወራሽ ልዑል ፍሪድሪሽ ድምፃቸው ሻከረ። የጀርመን ሐኪሞች ካንሰር ጠርጥረው ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጁ፣ የእንግሊዙ የጉሮሮ ሐኪም ሞሬል ማኬንዚ ተጠሩና ከእብጠቱ ቁራጭ ወስደው ለቪርኾ ላኩ። ቪርኾ በተላከላቸው ሥጋ ውስጥ ካንሰር እንዳላገኙ ገለጹ፤ ከትንሽ ቁራጭ ተነሥቶ ስለ መላው እብጠት መፍረድ እንደማይቻልም ጻፉ። ይህ ማስጠንቀቂያ ግን ሰሚ አላገኘም። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። ፍሪድሪሽ በመጋቢት 1888 ነገሡ፤ መናገር ተስኗቸው በጽሑፍ እያዘዙ በ99ኛው ቀን አረፉ። ቪርኾ በተገኙበት የአስከሬን ምርመራ የጉሮሮ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ቀዶ ሕክምናው ያድናቸው ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ በዘመኑ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና የሚተርፉት ጥቂቶች ነበሩ። ለዘብተኛ በሚባሉት ንጉሥ ዙፋን ላይ የተተኩት ልጃቸው፣ ጀርመንን ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያስገቡት ዳግማዊ ቪልሄልም ናቸው። ዛሬ ለካንሰር ምርመራ ናሙና ሲወሰድ ከአንድ በላይ ቦታ የሚወሰደው፣ ውጤቱም ከሌሎች ምልክቶች ጋር የሚመዘነው፣ አንድ ቁራጭ ሊያሳስት ስለሚችል ነው።

ቪርኾ በስተርጅናቸውም ሥራ አላቆሙም። በ1899 ለዐሥርት ዓመታት የሰበሰቧቸውን ከሃያ ሺህ በላይ የሰው አካል ናሙናዎች ሕዝብ እንዲያያቸው በሻሪቴ ቤተ መዘክር ከፈቱ። በጥር 1902፣ በ80 ዓመታቸው፣ በበርሊን ከትራም ሲወርዱ ወድቀው የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አላገገሙም፤ መስከረም 5 ቀን 1902 አረፉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ከናሙናዎቹ አብዛኞቹ ጠፉ። የተረፉት በዚያው ሕንፃ በመስተዋት ማሰሮ ውስጥ ተደርድረው ይጎበኛሉ፤ ቪርኾ ያስተምሩበት የነበረው አዳራሽም ከነፍርስራሹ እንደ ቆመ አለ።