ሃቲ ማክዳንኤል

ፊልም በምትመለከቱበት ጊዜ ዓይናችሁ ዘወትር የሚያርፈው በዋናው ተዋናይ ላይ ነው። ከእርሱ ጎን ቆመው ምግብ የሚያቀርቡትን፣ በር የሚከፍቱትንና ጓዝ የሚሸከሙትን ግን ስንቶቻችሁ ልብ ብላችሁ ታያላችሁ? ከዚህ ቀጥሎ ታሪኳን የምታነቡት ሃቲ ማክዳንኤል በአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ገረድ ሆና ስትጫወት የኖረች፣ ይሁን እንጂ ኦስካር የተባለውን ታላቅ የፊልም ሽልማት በማግኘት ከጥቁሮች ሁሉ የመጀመሪያዋ የሆነች ተዋናይት ናት። ታሪኳን ስታነቡ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙ፤ ለሰው የተከፈተለት በር አንድ ብቻ፣ ያውም ጠባብ ሲሆን፣ በዚያ በር በመግባቱ ሊወቀስ ይገባዋልን? በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ልብ በሉ።

ሃቲ በ1893 በካንሳስ ክፍለ ግዛት ዊቺታ በተባለች ከተማ ተወለደች። አባቷ ሄንሪና እናቷ ሱዛን ሁለቱም ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። አባቷ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል፤ እናቷ ደግሞ መንፈሳዊ መዝሙር ትዘምር ነበር። ሃቲ ከ13 ልጆች የመጨረሻዋ ናት። ቤተሰቡ ኑሮ ለማሸነፍ ወደ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ተዛውሮ በዴንቨር ከተማ ተቀመጠ። ሃቲ በዚያ ስትማር ድምፀ መልካምና ንግግር አዋቂ መሆኗ ታወቀ። በ1910፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ ግጥም በቃል በማቅረብ ተወዳድራ ሜዳሊያ ተሸለመች። ከዚያም ትምህርቷን አቋርጣ ከወንድሞቿ ጋር ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረች መዝፈንና መተወን ጀመረች።

በ1920ዎቹ ዓመታት ሃቲ በዴንቨር ሬዲዮ ዘፈነች፤ ሸክላም አስቀረጸች። ሆኖም በ1929 አሜሪካን የመታው የኢኮኖሚ ውድቀት የቲያትር ቡድኖችን ሲበትን እርሷም ያለ ሥራ ቀረች። ሚልዎኪ በተባለችው ከተማ ያገኘችው ሥራ በአንድ የምሽት ክበብ የሴቶች መታጠቢያ ክፍል ውስጥ እንግዶችን ማስተናገድ ነበር። በክበቡ መድረክ ላይ የሚዘፍኑት ነጮች ብቻ ስለነበሩ ባለቤቱ ወደ መድረክ ሊያወጣት አልፈለገም። በመጨረሻ ግን አንድ ምሽት ዕድሉን አግኝታ ብትዘፍን ተመልካቹ እጅግ ወደዳት፤ ከዚያ በኋላ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ አልተመለሰችም።

በ1931 ወንድሟና እኅቶቿ ወደሚኖሩባት ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደች። ወንድሟ ሳም በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ይሠራ ስለነበር ለእርሷም በዚያው ቦታ አስገኘላት። አድማጮች ወደዷት፤ ነገር ግን ክፍያው ኑሮዋን የማይደጉም በመሆኑ በሰው ቤት ገረድ ሆና መሥራቷን አልተወችም። በፊልም የመጀመሪያ ክፍሎቿም ስሟ እንኳ የማይጻፍባቸው ጥቃቅን ክፍሎች ነበሩ። በ1934 ጃጅ ፕሪስት በተባለው፣ በ1936 ደግሞ ሾው ቦት በተባለው ፊልም ከተጫወተች በኋላ ግን ችሎታዋ በግልጽ ታወቀ።

ለታላቅ ዝና ያበቃት በ1939 የተሠራው ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ የተመሠረተው ማርጋሬት ሚቸል በ1936 ባሳተመችው ልብ ወለድ ላይ ሲሆን፣ ይህን መጽሐፍ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በእስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ተርጉሞት፣ በኋላ ነገም ሌላ ቀን ነው በሚል ርዕስ ታትሟል። ሃቲ በፊልሙ ውስጥ ማሚ የምትባለውን ባሪያ ሆና ተጫወተች። ታሪኩ የባርነትን ዘመን አሳምሮ በማቅረቡ ይነቀፋል፤ ሃቲ ግን ለማሚ ኃይለኛነትን፣ ብልህነትንና ጥልቅ ኀዘንን ሰጥታ ሙሉ ሰው አደረገቻት።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ዲሴምበር 15 ቀን 1939 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በአትላንታ ከተማ ሲመረቅ ሃቲ አልተገኘችም። የክፍለ ግዛቱ የዘር መለያያ ሕግ ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይቀመጡ ይከለክል ነበርና። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 በሎስ አንጀለስ የኦስካር ሽልማት በተሰጠበት ምሽትም ሁኔታው ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። በዓሉ የተደረገበት ሆቴል ጥቁሮችን በእንግድነት አይቀበልም ነበር፤ እርሷም የገባችው በፊልሙ አዘጋጅ በዴቪድ ሴልዝኒክ ልዩ ጥያቄ ነው። የፊልሙ ነጭ ተዋንያን በአንድነት ሲቀመጡ፣ ለእርሷ ከግድግዳው አጠገብ ለብቻ ትንሽ ጠረጴዛ ተዘጋጀላት። በምርጥ ረዳት ተዋናይት ስም ስትጠራ ከዚያች ጠረጴዛ ተነሥታ ሽልማቷን ተቀበለች፤ ወደዚያችው ጠረጴዛም ተመለሰች። የዚያን ምሽት ክብርና ውርደት በአንድ አዳራሽ አብረው እንደዋሉ ልብ ትላላችሁ።

ከሽልማቱ በኋላም የሚሰጧት ክፍሎች ያው የገረድነት ነበሩ። ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዋልተር ኋይትና ሌሎችም እንዲህ ያሉት ክፍሎች የጥቁሩን ሕዝብ ስም ያጎድፋሉ በማለት ነቀፉ። ሃቲ በበኩሏ፣ በሰው ቤት በትንሽ ደመወዝ ገረድ ከመሆን ይልቅ በፊልም ገረድ ሆኖ በብዙ ደመወዝ መጫወት እንደሚሻል ትመልስ እንደነበር ይነገራል። በ1947 ቢዩላ በተባለው የሬዲዮ ድራማ ዋና ተዋናይት ስትሆን ግን የጥቁሮችን አነጋገር በሚያዛባ ቋንቋ አልናገርም በማለት ፈቃዷን አስፈጽማለች።

በግል ሕይወቷም መብቷን አሳልፋ አልሰጠችም። በሎስ አንጀለስ ሹገር ሂል በተባለው ሰፈር ቤት በገዛች ጊዜ አንዳንድ ነጭ ጎረቤቶች፣ በሰፈሩ ጥቁር እንዳይኖር የሚከለክል ውል አለ ብለው እርሷንና ሌሎች ጥቁር ባለቤቶችን ከሰሱ። ሃቲ ጎረቤቶቿን በቤቷ እየሰበሰበች ለሙግት አዘጋጀች። በ1945 ዳኛው እንዲህ ያለው ውል ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ክሱን ሰረዘ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1948፣ በሌላ ክርክር፣ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ሊያስፈጽሙ እንደማይችሉ ወሰነ።

ሃቲ ማክዳንኤል በጡት ካንሰር ታማ ኦክቶበር 26 ቀን 1952 በ59 ዓመቷ ዐረፈች። በሆሊውድ መካነ መቃብር እንድትቀበር ተናዛ ነበር፤ ቦታው ለነጮች ብቻ ነው ተብሎ ተከለከለች፤ በሌላ መካነ መቃብርም ተቀበረች። በ1999 በዚያው በከለከላት ቦታ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመላት። ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያወረሰችው ሽልማት ጠፍቶ ስለነበር በ2023 ምትኩ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ከእርሷ በኋላ ሌላ ጥቁር ሴት በትወና ኦስካር ለማግኘት የቻለችው በ1991፣ ማለትም ከ51 ዓመታት በኋላ ነው።

እንግዲህ መግቢያው ላይ ወደ ቀረበላችሁ ጥያቄ ተመለሱ። ነቃፊዎቿ የሕዝባቸው ክብር ገዷቸው የተናገሩ ስለነበሩ ሐሳባቸውን በቀላሉ ልትጥሉት አትችሉም። እርሷም በተሰጣት ጠባብ ቦታ የምትችለውን ሁሉ ሠርታለች። ፍርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ያችን ከግድግዳው ሥር የነበረች ትንሽ ጠረጴዛ አስታውሱ፤ በጠረጴዛዋ የተቀመጠችውን ብቻ ሳይሆን፣ ጠረጴዛዋን እዚያ ያኖራትንም ጠይቁ።