ደጋፊ በበጀት አይገዛም

ፋሲሎ ላይ ስለ ባህር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ ክርክር ሲነሳ፣ ወሬው ቶሎ ወደ ተጫዋች ዝውውርና ወደ በጀት ይዞራል። እኔ ግን አቶ ይድነቃቸው ተሰማን አስታውሳለሁ።

የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ገና በጉርምስናቸው ተቀላቅለው 23 ዓመት ያህል ተጫወቱለት። በወረራው ዘመን ጣሊያን የክለቡን ስም ለወጠው፤ ክለቡ ግን አልጠፋም። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ውድድር ሲጀመር፣ እንግሊዞች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ የአገሬው ሰው የኔ የሚለው ጊዮርጊስን ነበር። የደጋፊው ፍቅር መሠረቱ ይኸው ነው።

አቶ ይድነቃቸው በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ብሔራዊ ቡድን አሠለጠኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መሩ።

ክለብ በወረቀት የአስተዳደር ሊሆን ይችላል። ደጋፊው የራሱ የሚያደርገው ግን የሰፈሩ ልጅ ሲሰለፍበትና ሲቆይበት ነው። በየዓመቱ ፈርሶ የሚሠራ ቡድን ይህን አያገኝም፤ ለውጤት የመጣ ደጋፊ ከውጤት ጋር ይሄዳል።