አልፍሬድ ሀርሺ

አልፍሬድ ዴይ ሀርሺ (ዲሴምበር 4 ቀን 1908 – ሜይ 22 ቀን 1997 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የባክቴሪያና የዘረመል ተመራማሪ ነበሩ። ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች፣ ማለትም ባክቴሪዮፌጆች (ባጭሩ ፌጆች)፣ የዘር መረጃቸውን የሚሸከመው ዲ ኤን ኤ መሆኑን ባሳየው የ1952 ሙከራ ይታወቃሉ። በኋላ ስለ ፌጅ ጂኖም አወቃቀር የሠሩት ሥራ ክብደቱ ከዚህ ባያንስም በመማሪያ መጻሕፍት እምብዛም አይነሳም።

የተወለዱት በሚሺጋን ግዛት ኦዎሶ በምትባል ከተማ ነው። በሚሺጋን ስቴት ኮሌጅ ኬሚስትሪ ተምረው በ1930 ተመረቁ፤ በ1934 በዚያው በባክቴሪያ ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ከዚያም በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ ፊታቸውን ወደ ፌጆች አዞሩ። በ1946 ቲ2 የተባለው ፌጅ ሁለት ዝርያዎች አንድን ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ሲያጠቁ፣ ከሚወጡት አዳዲስ ፌጆች አንዳንዶቹ የሁለቱን ወላጆች ባሕርይ አጣምረው እንደሚገኙ አሳዩ። ቫይረሶችም ዘረመል ይለዋወጣሉ ማለት ነው።

የብሌንደሩ ሙከራ

በ1950 ኒው ዮርክ ግዛት ወደሚገኘው ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ተዛወሩ። በዚያን ጊዜ ዲ ኤን ኤ የዘር መረጃ ለመሸከም እጅግ ቀላል ነው፣ ይህን የሚችለው ፕሮቲን ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቻቸው በ1944 ተቃራኒውን የሚያመለክት ማስረጃ ቢያቀርቡም ጥርጣሬው አልጠፋም።

ፌጅ በአብዛኛው ፕሮቲንና ዲ ኤን ኤ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ክርክር ተስማሚ ነበር። ሀርሺና ረዳታቸው ማርታ ቼዝ ፕሮቲኑን ጨረር በሚያመነጭ ድኝ፣ ዲ ኤን ኤውን ጨረር በሚያመነጭ ፎስፎረስ ምልክት አደረጉበት። ፌጆቹ ባክቴሪያው ላይ ከተጣበቁ በኋላ በወጥ ቤት ብሌንደር አናወጧቸው። ከድኙ ከ75 እስከ 80 በመቶው ተላቀቀ፤ የፎስፎረሱ አብዛኛው ግን ከባክቴሪያው ጋር ቀረ። በተወለዱት ፌጆች ውስጥ የወላጆቹ ድኝ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ፎስፎረሱ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ተገኘ። ውጤቱ ፍጹም ንጹሕ አልነበረም፤ እነሱም በጽሑፋቸው ድምዳሜያቸውን በጥንቃቄ ነው ያስቀመጡት።

የጂኖሙ ቅርጽ

ረጅም ዲ ኤን ኤ ሲበጠበጥ በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ ቀደም ሲል የተለኩት ብዙውን ጊዜ ስብርባሪዎች ነበሩ። ሀርሺና ባልደረቦቻቸው ዲ ኤን ኤውን ሳይሰብሩ ማውጣትና መለካት ተምረው፣ የቲ2 ጂኖም አንድ ወጥ ሞለኪውል መሆኑን በ1961 አሳዩ።

ቀጥሎ ላምዳ ወደተባለው ፌጅ ተሻገሩ። የላምዳ ዲ ኤን ኤ ሁለት ጫፎች እርስ በርሳቸው እንደሚጣበቁና ክብ እንደሚሠሩ በ1963 አስታወቁ። በየጫፉ ነጠላ ሆኖ የሚወጣ፣ አንዱ የሌላው ተጓዳኝ የሆነ 12 ሆሄ እንዳለ በኋላ ሌሎች አንብበውታል። ሀርሺ የላምዳን ዲ ኤን ኤ ለሁለት ሰብረው ሲመረምሩም ግማሾቹ ተመሳሳይ አልነበሩም፤ አንደኛው በጉዋኒንና በሳይቶሲን ከሌላው ይበልጥ የበለጸገ ነበር። ዛሬ የብዙ ፌጆች ጂኖም ከተለያየ ምንጭ በመጡ ቁራጮች እንደ ድሪቶ የተጣጣፈ መሆኑ ይታወቃል፤ የላምዳ ግማሾች ልዩነትም ከዚህ ጋር ይስማማል።

በ1969 ከማክስ ዴልብሩክና ከሳልቫዶር ሉሪያ ጋር የኖቤል ሽልማትን በሕክምና ዘርፍ ተቀበሉ። ማርታ ቼዝ በሽልማቱ አልተካተተችም። በ1971 ስለ ላምዳ የተጻፉ ጥናቶችን የያዘ ትልቅ መጽሐፍ አርታዒ ሆነው አሳተሙ። ያረፉት በ88 ዓመታቸው በኒው ዮርክ ግዛት ሳዮሴት ውስጥ ነው።