ቅዱስ ባስልዮስና የበጎ ባልንጀርነት ፍሬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀድስባቸው ዐሥራ አራት ቅዳሴያት አንዱ በቅዱስ ባስልዮስ ስም ይጠራል። ይህ አባት የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ፣ ለመነኮሳት ሥርዐትን የሠራ፣ አርዮሳውያንን ያሳፈረና የድኆች መጋቢ እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናውቃለን። ወደዚህ ማዕርግ የደረሰው ግን ብቻውን ተጉዞ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋር የነበረውን ባልንጀርነት እያሰብን ሕይወቱን በአጭሩ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ማኅበር

ቅዱስ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ በቀጰዶቅያ ምድር ከታወቀ ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። አያቱ ማቅሪና በስደት ዘመን ስለ ሃይማኖቷ ከባሏ ጋር በጳንጦስ ጫካ የተንከራተተች እናት ናት። እናቱ ኤሚሊያ፣ ታላቅ እኅቱ ማቅሪና፣ ወንድሞቹ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና ጴጥሮስ ዘሰብስጥያም በቅድስና የሚታወቁ ናቸው። ስለዚህ ባልንጀር መምረጥን ከመማሩ በፊት፣ በጎ ሰው ምን እንደሚመስል በቤቱ አይቶ አድጓል።

በአቴና ከተማ

በቂሳርያና በቁስጥንጥንያ ከተማረ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አቴና ሄደ። አቴና በዚያ ዘመን የንግግር ጥበብና የፍልስፍና ማዕከል ነበረች፤ የጣዖታቱ ቤተ መቅደሶችና በዓላት ግን ገና አልጠፉባትም። ተማሪዎቹም አዲስ መጪውን እየከበቡ በክርክር ያዋክቡት፣ በጩኸትና በፌዝ አጅበውም ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱት ነበር። ቀድሞ የደረሰው ጎርጎርዮስ የባስልዮስን ጭምትነት ስለሚያውቅ ጓደኞቹን አግባብቶ ከዚህ ፌዝ አስጣለው። ባልንጀርነታቸው የጀመረው እንግዳውን ከመሳለቂያነት በማዳን ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከአርመን የመጡ ተማሪዎች ባስልዮስን በክርክር ሊያሳፍሩት ተነሡ። ጎርጎርዮስ በመጀመሪያ የከተማዋ ተማሪዎች ክብር እንዳይነካ ብሎ እነርሱን ደገፈ። ነገሩ ከቅንዓት የመነጨ መሆኑን ሲረዳ ግን ወገንተኝነቱን ትቶ ከባስልዮስ ጎን ቆመ። ባስልዮስ አቴና እንደ ጠበቃት ሳትሆን ቀርታ ባዘነ ጊዜም ያጽናናው ይኸው ወዳጁ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ቤትና አንድ ማዕድ ተካፈሉ። ከአንዱ መንገድ በቀር ሌላ አያውቁም እስኪባል ድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራኖቻቸው ብቻ ይመላለሱ ነበር። አንዱ የሌላውን ክብር እንደ ራሱ ክብር ይቈጥር ነበር እንጂ በመካከላቸው ፉክክር አልነበረም።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ355፣ ሌላም ተማሪ በአቴና ነበረ፤ በኋላ የነገሠው ዑልያኖስ። እርሱም በክርስትና ያደገና መጻሕፍትን የተማረ ነበር። ልቡን የሰጠው ግን ምትሐትን ለሚያስተምሩ አረማውያን ፈላስፎች ነው። በነገሠ ጊዜም ክርስትናን በግልጽ ክዶ የጣዖትን አምልኮ ሊመልስ ደከመ። ከተማይቱ አንዲት፣ ትምህርቱም ተቀራራቢ ነበር፤ ለልባቸው የመረጡት ወዳጅ ግን የተለያየ ነው።

የማን እግር ይታጠባል?

ባስልዮስ ወደ ሀገሩ ሲመለስ በንግግር ችሎታው ተመክቶ ነበር። ይህን አይታ የገሠጸችው እኅቱ ማቅሪና ናት። ተግሣጽዋን ሰምቶ የዓለምን ክብር ናቀ፤ ተጠመቀ፤ የግብፅን፣ የፍልስጥኤምን፣ የሶርያንና የመስጴጦምያን መነኮሳት ሕይወት ዞሮ ጎበኘ። ከዚያም በጳንጦስ በወንዝ ዳር መነነ፤ ጎርጎርዮስም እየመጣ በጸሎትና በሥራ ተባበረው።

ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዐት ውስጥ ኅብረትን ከብቸኝነት ያስበለጠበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ጥፋቱን የሚነግረው የለም፤ ትሕትናውንና ትዕግሥቱን የሚፈትንበት ሰው አያገኝም፤ የተሰጠው ጸጋም ለሌላ ሳይተርፍ ይቀራል። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ አርአያ ሆነን፤ ብቸኛው የማንን እግር ያጥባል? ቤተ ክርስቲያን የባሕታውያንን ታላቅ ተጋድሎ ታከብራለች። ለአብዛኞቻችን ግን የመዳን መንገዳችን በወንድሞቻችን መካከል የሚያልፍ ነው።

ቅሬታን ያለፈ ፍቅር

ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ370 በቂሳርያ መንበር ተሾመ። ከዚያ በፊት ረኃብ በገባ ጊዜ የባለጸጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ ድኆችን መግቦ ነበር፤ በከተማው ዳርቻም ለእንግዶች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ማረፊያ ሠራ። የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሥ ዋሌንስ ቢያስፈራራውም ከሃይማኖቱ አላናወጠውም።

ንጉሡ ቀጰዶቅያን ለሁለት በከፈለ ጊዜ ባስልዮስ ሀገረ ስብከቱን ለመጠበቅ ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል፣ አቧራና ግርግር በሞላባት የመንገድ ዳር ከተማ ላይ ሾመው። ጎርጎርዮስ ሳይወድ የተቀበለው ሹመት ስለ ነበር እጅግ አዘነ፤ ቅሬታውንም በደብዳቤ ገለጠለት። ባልንጀርነታቸው ቆሰለ፤ ግን አልሞተም። ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ379 ባረፈ ጊዜ ጎርጎርዮስ ታሞ ስለ ነበር በቀብሩ ላይ አልተገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በቂሳርያ ቆሞ የወዳጁን ገድል በረጅም ንግግር አወሳ። በዚያ የምስጋና ንግግር እንኳ የሳሲማን ነገር አልሸሸገም። ሁለቱ ቅዱሳን የተጎዳ ወዳጅ እውነቱን እየተናገረ መውደዱን ሊቀጥል እንደሚችል አስተምረውናል።

ለእኛስ?

ዛሬ ብዙ ልጆቻችን ለትምህርትና ለሥራ ከወላጆቻቸው ርቀው ይሄዳሉ። እንደ አቴናው አዲስ መጪ በማያውቁት መካከል ይገባሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማን እንደሚቀርባቸውም ብዙ ነገራቸውን ይወስናል። ስለዚህ በግቢ ጉባኤ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በጽዋ ማኅበር ያለን ሁሉ ሰው እስኪመጣልን ድረስ መጠበቅ የለብንም፤ እንደ ጎርጎርዮስ ቀድመን እንግዳውን እንቅረበው። በማኅበራችን ውስጥ ቅሬታ ቢነሣም ከማኅበሩ አንሽሽ፤ በግልጽ ተነጋግረን ይቅር እንባባል። ባልንጀራችን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ የሚያቀርብልን ነው ወይስ የሚያርቅብን? እኛስ ለእርሱ የትኛው ነን? ራሳችንን እንመርምር።

በዓለ ዕረፍቱን ጥር 6 ቀን የምናከብረው የአባታችን የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎትና በረከት፣ የወዳጁ የቅዱስ ጎርጎርዮስም ረድኤት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።