የእርሳሱ ሠራዊት ጌታ ዊልያም ብሪተን

ዊልያም ብሪተን በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። አባቱም ዊልያም ይባል ስለ ነበረ ልጁን ታናሹ ብሪተን ይሉታል። አባትየው በሰሜን ሎንዶን ከልጆቹ ጋር ሆኖ በሞላ የሚንቀሳቀሱ መጫወቻዎች እየሠራ ይሸጥ ነበር። መጫወቻዎቹ ብልኀት የሞላባቸው ቢሆኑም ዋጋቸው ውድ ስለ ነበረ ገበያው አልሰፋላቸውም።

በዚያ ዘመን የመጫወቻ ወታደር ንግድ በጀርመኖች እጅ ነበር። ከእነርሱ የሚመጡት ብዙዎቹ ወታደሮች ውስጣቸው ድፍን ስለ ሆነ ብዙ ብረት ይፈጁ ነበር። ታናሹ ብሪተን በ1893 ዓ.ም. አንድ ዘዴ አገኘ። የቀለጠውን እርሳስ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈስና፣ ዳር ዳሩ እንደ ረጋ ገና ያልረጋውን የመካከሉን በቀዳዳ መልሶ ይደፋዋል። የሚቀረውም እንደ ዕንቍላል ቅርፊት ውስጡ ባዶ የሆነ ወታደር ነው። እርሳሱ ስለ ተቈጠበ ዋጋው ረከሰ።

ዘዴው ብቻውን ግን ገበያውን ባልያዘለትም ነበር። ምን ዓይነት ወታደር እንደሚሠራ መምረጥ ያውቅበታል። በመጀመሪያ ያወጣው የሎንዶን ልጅ በሰልፍ ቀን በዓይኑ የሚያያቸውን የንግሥቲቱን የክብር ዘበኛ ፈረሰኞች ነው። ከዚያም የእንግሊዝን ክፍለ ጦሮች በየስማቸውና በየመለያ ልብሳቸው አስከተለ። የእግረኛው ቁመት ሁሉ 54 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ዘንድሮ የተገዛው ሣጥን ከዓምናው ጋር ይሰለፋል። አንዱን የገዛ ልጅ ሌላውን ሳይገዛ እንዳያርፍ ማድረግ ይህ ነው!

የጦርነት ወሬ በተሰማ ቍጥር የብሪተን ቤት ሥራ ይበዛ ነበር። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ከቦየሮች ጋር ሲዋጉ ቦየሮቹም በሣጥን ሆነው ለገበያ ወጡ፤ ያለ ጠላት ጨዋታ የለምና። በ1904 ዓ.ም. ሩሲያና ጃፓን ሲዋጉም የሁለቱም ወገን ወታደሮች ተሠሩ። አባት ማታ በጋዜጣ ያነበበውን ጦርነት ለልጁ ገዝቶ ይገባ ጀመር።

ሥራውን እየገለበጡ የሚሸጡ ሰዎች ስለ ተነሡ በፍርድ ቤት ከሰሳቸው። በ1902 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ የእርሳስ ወታደሩን እንደ ሐውልት ቈጥሮ የሠሪውን መብት ጠበቀለት። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስም በ1913 ዓ.ም. በእነዚህ ወታደሮች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ደንብ ጽፎ አሳተመ።

በዓመቱ እውነተኛው ጦርነት መጣ። ድርጅቱ በ1915 ዓ.ም. ዒላማው ሲመታ በውስጡ የቆሙትን ወታደሮች ወደ ላይ የሚያፈናጥር የመጫወቻ ምሽግ አወጣ። ያን ጊዜ በፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ከሚያልቁት መካከል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በብሪተን ወታደሮች የተጫወቱ ልጆች እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች የጦር መጫወቻ ማየት ጠሉ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱ ወደ እርሻ ዞረ። በዚያው በእርሳስ ላም፣ በግ፣ ፈረስና ገበሬ ሠርቶ አወጣ፤ ሕዝቡም ወደደው። በኋላ ግን ወታደሮቹ ተመለሱ።

ታናሹ ብሪተን በ1933 ዓ.ም. ሞተ፤ የምርጫው ልማድ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ1935 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1928 በእኛ አቈጣጠር፣ ድርጅቱ እንደ ወትሮው የሁለቱንም ወገን ወታደሮች አወጣ። የጣሊያን እግረኞች በአንድ ሣጥን፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ክቡር ዘበኞች በሌላ ሣጥን ተሸጡ። እውነተኞቹ ክቡር ዘበኞች በ1936 ዓ.ም. መጋቢት ወር በማይጨው ተሰልፈው ብዙዎቹ ወደቁ። በእርሳስ የተሠሩት ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ።