ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፤ ከምስክርነት ወደ ነርስነት

አሜሪካዊቷ ክላራ ባርተን የአገሯ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ ከ1866 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.፣ በየከተማው እየዞረች በጦር ሜዳ ቁስለኞችን ስታስታምም ያየችውን ለሕዝብ ትናገር ነበር። የእኛዪቱ ልዕልት መንገድ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አስቀድመው መሰከሩ፣ ነርስ የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በ1928 ዓ.ም. ስትወር ገና የ16 ዓመት ወጣት ነበሩ። ከአዲስ አበባ ወይዛዝርት ጋር ለዘማቹ የቁስል ማሰሪያና ከመርዝ ጋዝ መከላከያ የሚሆን የፊት መሸፈኛ ያዘጋጁ ነበር። ይሁንና ቆዳን የሚያቃጥለውን መርዝ የፊት መሸፈኛ ሊመክተው አይችልም።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ለእንግሊዝ አገር ሴቶች ጥሪ አስተላለፉ። ከአውሮፕላን የሚወርደው መርዝ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ሴቶችንና ሕፃናትንም እየፈጀ መሆኑን ገልጠው ዝም እንዳይሉ ለመኗቸው። ብዙዎች አዘኑ፤ የመንግሥታት ማኅበር ግን ወረራውን አላስቆመም። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች።

ልዕልቲቱ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ትምህርት ገቡ። እንደ እኔ አስተያየት ከጥሪው ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ጩኸታቸውን ሰምቶ ወገናቸውን ባላዳነው መንግሥት አገር፣ የዚያን አገር ሕፃናት አስታመሙ። (የሕዝቡ ወዳጅነት ከመንግሥቱ ፖሊሲ የተለየ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም።) በ1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው ነርስ ሆኑ፤ በጋይስ ሆስፒታልም ሠሩ።

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነጻ ስትወጣ ተመለሱ። ባለቤታቸው አቢይ አበበ ወለጋን እንዲያስተዳድሩ በመሾማቸው አብረዋቸው ወደ ነቀምት ሄዱ። በዚያም ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ባስተባበረችው መዋጮ በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ከአብዮቱ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል።

ለነርሷ ልዕልት ሞት ምክንያት የሆነው አደጋ ለገጠር እናቶቻችን እንግዳ አይደለም። በወልቂጤ አጠገብ፣ የሕክምና ሚስዮን እኅቶች በመሠረቱት በአጣጥ ሆስፒታል ግቢ፣ ወሊዳቸው የሚያሰጋ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ማረፊያ የተዘጋጀው ስለዚህ ነው።