በላይ፦ አንድ ስምና አንድ ሰው



ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል እየሰማን አድገናል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ወላጆቹ ባወጡለት ስም ሲጠራ አንገቱን የሚደፋ፥ ከተማ ሲገባም ለራሱ ሌላ ስም የሚያወጣ ወጣት አይታጣም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ስሙ ያረጀ፥ የባላገር መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ዛሬ በአገራችን በቢቸና ስሙ ገንኖ የኖረ የአንድ ሰው ሕይወት እናስታውሳለን። ይኸውም የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። በላይ ማለት ከፍ ያለ፥ የበለጠ ማለት ነው። ላይ የሚለው ቃል ከግእዙ ላዕለ የመጣ ሲሆን፥ ልዑልና ልዕልት ከሚባሉት ቃላት ጋር ሥሩ አንድ ነው። አንዳንድ ልጆች ይህን ስም በተአምረ ማርያም ከምንሰማው ከበላዔ ሰብእ ታሪክ ጋር ያምታቱታል። ያኛው መብላት ከሚለው የወጣ ነው፤ ይህኛው ግን ከፍታን የሚያመለክት ነው።

የዚህ ቤተሰብ ስም ሁሉ የሚገርም ነው። አያቱ ላቀው፥ አባቱ ዘለቀ፥ እሱ ደግሞ በላይ ተባለ። አንዱ መብለጥን፥ አንዱ እስከ መጨረሻው መጽናትን፥ አንዱ ከፍታን ይናገራል። የወንድሙ ስም እጅጉም እጅግ ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

በላይ የተወለደው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። አባቱ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ተከታይ ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ዘለቀ ወደ አገሩ ወደ ቢቸና ተመለሰ፤ ኋላም ሊይዙት በመጡ ሰዎች እጅ ተገደለ። በላይና እጅጉ ያለ አባት አደጉ። በጎለመሱም ጊዜ የአባታቸውን ደም ለመመለስ ሸፈቱ፤ የዓባይ በረሃም ቤታቸው ሆነ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወር ሽፍታው አርበኛ ሆነ። በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር እየተባለ በጎጃም፥ በወሎና በሸዋ ድንበር ጠላትን አምስት ዓመት መውጫ መግቢያ አሳጣው። ተከታዮቹንም እንደ ጀግንነታቸው ራስ፥ ደጃዝማች፥ ፊታውራሪ እያለ ሾመ። ለራሱ ግን ማዕረግ አልወሰደም። ሰዎቹ ስለዚህ ነገር በጠየቁት ጊዜ እናቱ ገና ሲወለድ በላይ ብላ የሾመችው መሆኑን፥ ከዚያ የሚበልጥ ሹመትም እንደማያስፈልገው መመለሱ እስከ ዛሬ ይነገራል።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ተመለሰ። በላይም የደጃዝማችነት ማዕረግና የቢቸና አስተዳዳሪነት ተሰጠው። ነገር ግን እሱን የማያህሉ የመሰሉት ሰዎች የበለጠ ሲሾሙ ቅር አለው። ማዕረግ የናቀው ሰው በማዕረግ ምክንያት ተጎዳ። ጠቡ እየከረረ ሄዶ ከመንግሥት ጦር ጋር አታኮሰው፤ ተከቦም እጁን ሰጠ። ሞት ተፈርዶበት ቅጣቱ ወደ እስራት ከተለወጠለት በኋላ ከእስር ቤት አመለጠ፤ እንደገናም ተያዘ። በጥር ወር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ።

እንግዲህ ስሙ በጠላት ፊት ብርታት ሆነው፤ በወገን መካከል ግን ፈተና ሆነበት። ከማንም በታች አልሆንም የሚል ልብ ወራሪን ያሸንፋል፤ ከወንድም ጋር ሲያኖር ግን ይከብዳል። ያም ሆኖ ያን ያህል ለአገሩ የደከመ ሰው ፍጻሜው እንዲህ መሆኑ ዛሬም ያሳዝናል።

ስም እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። አባቶቻችን በላይ፥ ዘለቀ፥ አየለ፥ በለጠ እያሉ ለልጃቸው ብርታትን ተመኙ። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የተወለደውን ካሣ፥ ምትኩ ወይም ማስረሻ አለችው። ከድል በኋላ ነፃነት፥ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ አብዮት የተባሉ ልጆች ተወለዱ። ዛሬ ናትናኤል፥ ዮናታንና ቤተልሔም በየቤቱ ሲሰሙ፥ በላይ የሚለው ስም በአብዛኛው የአባት ወይም የአያት ስም ሆኖ ይገኛል።

የመጽሐፍ ቅዱስ ስም መውጣቱ መልካም ነው። ሆኖም የዓለም ስማችን ቢያረጅብንም፥ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ስንጠመቅ የተቀበልነው የክርስትና ስም እንዳለን አንርሳ። ሁለቱም ስሞች ታሪክ ሠርተዋል። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ሆኖ ሳለ የሚታወቁት በዓለም ስማቸው ነው። በሞጣ ስማቸው የሚነሣው ልጃቸው ግን በክርስትና ስማቸው ወለተ እስራኤል እየተባሉ ይታወሳሉ።

ስለዚህ ወንድሜ፥ እኅቴ፥ በስምሽና በስምህ አትፈሩ። ስም ወላጅ በድህነቱ ሳይቀር ለልጁ የሚሰጠው የመጀመሪያ ስጦታ ነው። የምንጠየቀው ስሙ አዲስ ወይም አሮጌ በመሆኑ ሳይሆን በሥራችን ነው። በላይ በገመድ ቢሞትም የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ተጠርቷል። ስም ከመቃብር በላይ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።